ለቢራ ፈቃድ የሸሸግናቸው ወንበሮች

ከሆሊውድ ብዙ በማይርቀው ፌርፋክስ መንገድ ላይ የእኛ ሰው ምግብ ቤት ገና ጥቂት ሳለ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ጠዋት ጠዋት ሚራክል ማይል አንድ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ፓርክ አደርግ ነበር። ከሰዓት በኋላ እትዬ ምግብ ቤት እገባለሁ። እትዬ የምላቸው ባለቤቲቱን ነው፤ የሥጋ ዝምድና የለንም። ጉለሌ ጠጅ ቤት ነበራቸው፣ እኔም አሳላፊያቸው ነበርኩ። እዚህ ስንገናኝም ያው ሆነ፤ ሰው አስቀምጣለሁ፣ ሰሃን አነሳለሁ፣ ወለል አጥባለሁ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የቀረሁ ሰው ነኝና የምጽፈውም እንደማወራው ነው።

ምግቡ ጥሩ ነበር። ወጥ ሠሪዋ ወሎዬ ናት፣ ሙስሊም፤ ከእጇ የወጣ ሁሉ ይጣፍጣል። የጎደለው ቢራ ነበር። የእኛ ሰው መቼም ጥብስ ፊቱ ቀርቦ ውሃ ሲቀዱለት ይከፋዋል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሰዎች ተቀምጠው ካዘዙ በኋላ «ቢራ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ፣ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ወጡ። እትዬ ከጓዳ ሆነው አይተዋል።

በዚያው ሰሞን የሕንፃው ባለቤት መጣና ውሉ ሊያልቅ ነው፣ አዲስ ከፈለጋችሁ ኪራዩ ይጨምራል፣ እስከ ሰመሩ መጨረሻ፣ እስከ መስከረም ገደማ፣ ወስኑ አለን። እሱ ከሄደ በኋላ እትዬ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው፣

«ቢራ ካልገባ ኪራዩን አንችልም። ኪራዩን ካልቻልን ቤቱ ይዘጋል። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የፈረንጅ አሮጊት ላጥብ አልሄድም» አሉ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ያላቸው ይህ ቤት ብቻ ነው።

ለመጠጥ ፈቃድ የሚሮጥልን ሰው ተገኘ። ኖርዝ ሆሊውድ የሚኖር፣ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የወጣ፣ እዚህ ለሰው ወረቀት እየሞላ፣ ታክስ እየሠራ የሚኖር ልጅ ነው። ልጅ የምለው ከእኔ አንጻር ነው እንጂ ጸጉሩ መሳሳት ጀምሮ ነበር። እኛ ጉዳይ ገዳይ እንለዋለን። መጥቶ ተቀመጠና እንዲህ አለ፦

«ሶ፣ ሁለት ቦታ ነው አፕላይ የምናደርገው። ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው። ሲቲው ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥ መጠጥ ይሸጥ አይሸጥ ብሎ ይወስናል።»

«ስቴቱም ማዘጋጃ ቤቱም ገንዘብ ይፈልጋሉ?» አሉ እትዬ።

«ሁለቱም።»

«ለአንዱ ቢራ?»

«ለአንዱ ቢራ፣ እትዬ። የሲቲው እንዲያውም ይበልጣል። ደግሞ ገንዘቡ የሚከፈለው ለጥያቄው ነው። እምቢ ቢሉሽም አይመለስም።»

እሱ ከወጣ በኋላ እትዬ ወደ እኔ ዞረው፣ «እምቢ ለማለትም የሚከፈለው መሥሪያ ቤት ሰምተው ያውቃሉ?» አሉኝ።

«አልሰማሁም።»

«እኔም አልሰማሁም። ይኼ ልጅ አንዱን ለመንግሥት፣ አንዱን ለኪሱ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ነገ አብረውት ይሂዱና ዓይንዎን ከእጁ ላይ እንዳያነሱ።»

ወጥ ሠሪዋ ከጓዳ፣ «እሱስ ባልከፋ፤ ጋሼ መነጽራቸውን ይዘው ከሄዱ ነው» አለች፤ ጋሼ የምትለው እኔን ነው።

በማግስቱ በእሱ መኪና ዳውንታውን ወረድን። ልጁ ሞኝ አይደለም፣ ለምን እንደተላክሁ ገብቶታል። ዊልሸር ጎዳና ላይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ «ጋሼ፣ ሴኩሪቲ ሆነህ ነው የመጣኸው?» አለኝ።

«አብሬህ ልጓዝ ብዬ ነው።»

«ኦኬ። እንግዲያው ፓርኪንጉን አንተ ክፈል። እሱም ሪሲት አለው።»

ከፈልኩ። ምን አደርጋለሁ።

የሲቲው መሥሪያ ቤት ውስጥ ወረፋ ይዘን መስኮቱ ጋ ደረስን። ግድግዳው ላይ የየፈቃዱ ዋጋ በትልልቁ ተለጥፏል። ልጁ ጣቱን ቀስሮ የእኛን አሳየኝ። ያለው ልክ ነበር፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ሴት ቼኩን ተቀበለች፣ ማኅተም መታች፣ ፊቷ አልፈታም፣ አልተኮሳተረምም። እኔ እጇን አየሁ። መሳቢያ ስትከፍት አየሁ። ምንም የለም።

«ለምን ይህን ያህል እንደሆነ ጠይቅልኝ» አልኩት።

ጠየቃት። ብዙ አወራች፤ እሱም ለእኔ አሳጥሮ ነገረኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ደብዳቤ ይልካሉ፣ ተቆጣጣሪ ሄዶ ቤቱን ያያል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ የተቃወመም የደገፈም ይናገራል። ይህ ሁሉ ሰው ደመወዝ አለው። ዱሮ ከከተማው ካዝና ይወጣ ነበር፤ አሁን የምክር ቤቱ ሰዎች ቢራ የማይጠጣው ሰው ለምን ይከፍላል፣ ፈቃድ የጠየቀው ራሱ ወጪያችንን ይመልስልን ብለው ወስነዋል። ከዚያም ወዲህ በየጊዜው ወጪያችን ጨመረ እያሉ ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል።

መቼም እኔ ብዙ ማዘጋጃ ቤት አይቻለሁ። ያወጣሁትን ብቻ መልሱልኝ የሚል ግን አላየሁም። በመንገድ ሁሉ ሳስበው መጣሁ። ልጁን መጠርጠሬን ትቼ ግድግዳውን መጠርጠር ጀመርኩ።

ለእትዬ ያየሁትን ነገርኳቸው። እሳቸው ግን፣ «ዋጋውን ግድግዳ ላይ ከለጠፉት፣ ግድግዳ ላይ የማይለጠፍ ሌላ ዋጋ አለ ማለት ነው» አሉ። «እሱ የሚመጣው ከተቆጣጣሪው ጋር ነው። ቆይ ብቻ።»

ከዚያ በመስኮታችን ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በዚህ ቤት መጠጥ ሊሸጥ ታስቧል፣ የሚቃወም ይናገር የሚል ነው። ወር ያህል እዚያው ይሰንብት፣ አታንሱት ተባልን። እትዬ በየጠዋቱ ወጥተው ያዩታል፤ የሚያነበውን ሰው ሁሉ ፊት ያጠናሉ። ሳይሰጡን ምቀኛ ጠሩብን ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ቆሞ ረጅም ጊዜ ሲያነበው፣ «ያንን ሰው አዩት? ሊከሰን ነው» አሉኝ። ሽማግሌው ገባና ቢራው መቼ ነው የሚጀመረው ብሎ ጠየቀኝ።

ከዚያ ጉዳይ ገዳያችን ደውሎ ተቆጣጣሪው ማክሰኞ ጠዋት እንደሚመጣ ነገረን። ቤቱ እንዳለ ይሁን፣ ምንም አትንኩ አለን። እትዬ ስልኩን ዘግተው፣ «ምንም አትንኩ ይለኛል» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነገር አየሁ። «አያ፣ ገማቹ ሲመጣ ምን እናደርግ ነበር?»

ገማቹ ማን እንደሆነ ላስረዳ። አዲስ አበባ የጠጅ ቤት ግብር በዓይን ነበር የሚቆረጠው። የማዘጋጃ ቤቱ ገማች ይመጣል፣ አግዳሚ ወንበሩን ያያል፣ ብርሌውን ያያል፣ የተቀመጠውን ሰው ያያል፣ ከዚያ ይህን ያህል ትከፍላላችሁ ይላል። ስለዚህ የሱ መምጣት ሲሰማ ብርሌው ገለባ ውስጥ ይገባል፣ አግዳሚው በአጥር ወደ ጎረቤት ይሻገራል፣ ጠጪውም በጓሮ በር ይሸኛል። ገማቹ ሲደርስ እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ መደብ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ያገኛቸዋል። እሱም ያውቃል፣ እኛም ማወቁን እናውቃለን፤ ቢሆንም ያላየውን አይጽፍም። ይህን ያላደረገ ጠጅ ቤት አላውቅም። ቢኖርም ከስሯል።

ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ከጠረጴዛዎቹ እኩሌታውን፣ ከወንበሮቹም እኩሌታውን አውጥተን ጎረቤታችን ያለው ጫማ ሰፊ ዕቃ ቤት ውስጥ ደረደርን። ጫማ ሰፊው ወለል ልትቀቡ ነው ወይ አለን፤ አዎ አልነው። ወጥ ሠሪዋ አንድ ወንበር በራሷ ላይ ደፍታ እየሄደች፣

«ሰው የሰው ዕቃ ይሰርቃል። እኛ የራሳችንን ስንሰርቅ ማን ይያዝልን?» አለች።

«ዝም ብለሽ ተሸከሚ» አሉ እትዬ።

«ዝም ብያለሁ እትዬ። ወንበሩ ነው የሚናገረው።»

ማክሰኞ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ጉዳይ ገዳያችንም አብሮት ገባ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። እትዬ ጥብስ አስቀርበው ጠበቁት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና እምቢ አለ። ሻይ አሉት፣ እምቢ አለ። ውሃም አልጠጣም። እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የማይበላ ሹም ብዙ ነው የሚፈልገው» አሉ።

ሰውየው ጓዳ ገብቶ ምድጃውን አየ፣ መጸዳጃውን አየ፣ ተመልሶ አዳራሹ መሐል ቆመ። የያዘውን ንድፍ ገለጠ። ንድፉን ከነወንበሮቹ የሠራው ጉዳይ ገዳያችን ነው፣ እኛ ሳንነካቸው በፊት። ሰውየው ወረቀቱን ያያል፣ ቤቱን ያያል። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ተለዋውጧል። «ጋሼ፣ ወንበሮቹስ?»

እኔ ሳልመልስ እትዬ ቀደሙኝ፤ ለእንግዳው ፈገግ እንዳሉ በአማርኛ፣ «ሰፊ ቤት ካየ ሰፊ ገንዘብ ነው የሚቆርጥብኝ። ዝም በል» አሉ።

«እትዬ፣ እዚህ በወንበር አይደለም እኮ የሚከፈለው! ተከፍሏል፣ አልቋል። አንድ ወንበር ቢኖርሽም መቶ ቢኖርሽም ያው ነው።»

«አንተ ምን ታውቃለህ። ሳትወለድ ለገማች ስከፍል የኖርኩ ነኝ።»

ተቆጣጣሪው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሱን ያያል። ቋንቋው ባይገባውም አንድ ነገር እንደሸሸግን ገብቶታል፤ ዓይኑ ጠበበ። ምግብ ቤት ነን ብለው የመጠጥ ፈቃድ አውጥተው ወንበር አንስተው መጠጥ ብቻ የሚሸጡ ሰዎች አሉ ይባላል፤ እኛን ከነሱ ቆጥሮን ይሆናል። ከዚያ ልጁ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ቀስ ብሎ ስለተናገረ ገባኝ፤ ሐሳባችንን ለውጠናል፣ ቤቱ እንዳይጣበብ ወንበር ቀንሰናል አለው። ሰውየው የቆሙትን ወንበሮች ቆጠረ፣ ጻፈ፣ እትዬን አስፈረማቸው። እትዬ ደስ ብሏቸው ፈረሙ።

ሲወጡ እትዬ ጥብሱን ራሳቸው ወደ ጓዳ እየመለሱ፣ «አዩት? አንድ ሳንቲም ሳይጠይቅ ሄደ» አሉኝ።

የስብሰባው ቀን ማንም አልተቃወመንም። ሁለቱም ፈቃድ መጣ። ወረቀቱን ይዞልን የመጣው ልጁ ነው፤ ቢራ በማግስቱ ገባ። እሑድ ከመድረሱ በፊት ወንበሮቹን ከጫማ ሰፊው ቤት ልናመጣ ስንነሳ ግን ልጁ፣ «አይሆንም» አለን። የሲቲውን ወረቀት ገልጦ አነበበልን። ቢራ ከምግብ ጋር ብቻ፣ ሰዓቱ እስከዚህ ብቻ፣ ደግሞ ወንበሩ ተቆጣጣሪው የቆጠረውን ያህል ብቻ። ከዚያ አንድ ቢበልጥ ፈቃዱ ይነሳል።

እትዬ አልጮሁም። ቁጭ አሉ።

«ለመጨመርስ?»

«እንደ አዲስ አፕላይ ይደረጋል።»

«ገንዘቡስ?»

«እንደ አዲስ።»

«አንተ ነህ» አሉት፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ወንበር ቀንሰናል ብለህ ያጻፍክ አንተ ነህ። ዳግመኛ እንድከፍል፣ አንተም ዳግመኛ እንድትሮጥበት።»

«ምን ልበለው ነበር? ደብቀውታል ልበለው? ፈቃዱ ራሱ ይቀር ነበር።»

«ሳይረፍድ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩዎት እኮ።»

እስከዚያ ቀን እትዬን አንቺ ነበር የሚላቸው፤ የዚህ አገር ልጆች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። አሁን አንቱ ሲላቸው ሰው ሊርቅ ሲል እንደሚያደርገው ሆኖ ተሰማኝ። ኮቱን አንስቶ ወጣ።

እኔ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ያን ቀን ሲደነግጥ አይቻለሁ፤ አስቦበት ያደረገው አልመሰለኝም። ግን ደግሞ ስለ ሁለተኛው ሩጫ ክፍያ ይጠይቃል፣ ያ የታወቀ ነው። የሰው ልብ ውስጥ ምን ይታያል። ለእትዬ፣ «ሲደነግጥ አይቼዋለሁ» አልኳቸው። «ሌባም ይደነግጣል» አሉኝ።

ሳምንታት አለፉ። ቢራ አለ፣ ወንበር የለም። እሑድ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ይሰለቻል፣ ይሄዳል። የሕንፃው ባለቤት ሁለት ጊዜ ደወለ። እትዬ ቢራውን የሚያዩት እንደ ጠላት ነው። አንድ ቀን ወጥ ሠሪዋ ሽንኩርት እየከተፈች፣

«የዚህ ወር እቁብ የእኔ ዕጣ ነው» አለች። ኮሪያታውን ሰፈር አብረዋት ከሚኖሩ ሴቶች ጋር እቁብ ነበራት። «ይውሰዱት። ቤቱ ሰው ሲሞላ ይመልሱልኛል።»

እትዬ ቀና አሉ። «ለመጠጥ ፈቃድ? አንቺ? አላህ አይቆጣሽም?»

«እኔ ለወንበር ነው የምሰጠው። ወንበር ሐራም ነው ያለ ሼህ አልሰማሁም።»

«ሰዉ እሱ ላይ ተቀምጦ ቢራ ሲጠጣስ?»

«እሱን ከወንበሩ ይጠይቁት» አለችና ሽንኩርቷን ቀጠለች። ቤቱ ቢዘጋ እሷም ሥራ እንደምታጣ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ማንም አላነሳውም።

ለሁለተኛው ማመልከቻ እትዬ ራሳቸው ሄዱ። ልጁን እኔ ደውዬ ለመንኩት፤ ለቋንቋ ብሎ መጣ። ቼኩን ግን እትዬ ደረታቸው ውስጥ አድርገው ነው የሄዱት፤ መስኮቱ ጋ ስንደርስ እሱን ፈቀቅ አድርገው ራሳቸው ቆሙ። ያችው ሴት ናት።

«ንገራት» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ከሴትዮዋ ሳያነሱ። «ገንዘቡ የድካማችሁ ዋጋ ነው ብላችኋል። ቤቴን አይታችሁታል። ምድጃዬን አይታችሁታል። ለጎረቤት ደብዳቤ ልካችሁ ማንም አልተቃወመኝም። የቀራችሁ ወንበር መቁጠር ነው። ስለዚህ ግማሹን ልክፈል።»

ልጁ ተረጎመላት። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ግማሽ የሚባል ዋጋ የለም አለች፤ ግድግዳው ላይ ያለው ብቻ ነው። አንዲት ወንበር ቢጨመርም፣ ዊልሸር ላይ ያለ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ቢጨምርም አንድ ነው።

«እንግዲያው የድካም ዋጋ አይደለማ» አሉ እትዬ። «ለሆቴሉም ለእኔም አንድ ዓይነት አይደክሙም። የእኛ ገማች እንኳ፣ ሌባው፣ የቤቴን ስፋት አይቶ ነው የሚቆርጠው።»

ልጁ ይህንንም ተረጎመ። ሌባው ያሉትን ትቶ መሰለኝ። ሴትዮዋም፣ እሱን እኔ አልወሰንኩም፣ የምክር ቤቱ ሰዎች ሲሰበሰቡ ሄዳችሁ መናገር ትችላላችሁ አለች።

«ለመናገርስ ስንት ነው?» አሉ እትዬ።

ሴትዮዋ ሳቀች። በነጻ ነው አለች። እትዬ አላመኗትም፤ ቼኩን ግን ሰጧት። እውነት ወጪያቸውን ብቻ ይሁን የሚመልሱት፣ ሌላም ነገር ይኑርበት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እትዬ ያሉትን ከሰማሁ በኋላ ግን ሒሳቡ አልዋጥ አለኝ።

ተቆጣጣሪው ሲመለስ ወንበሮቹ ሁሉ ቆመው ጠበቁት። ወጥ ሠሪዋ የጫማ ሰፊውንም ወንበር እንጨምር ወይ ብላ እትዬን አስቆጥታለች። ሰውየው ቆጠረ፣ ከንድፉ ጋር አስተያየ፣ ወንበሮቹ ከየት መጡ ብሎ አልጠየቀም። አሁንም ውሃ አልጠጣም። ሰመሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወረቀቱ መጣና እትዬ አዲሱን ውል ፈረሙ።

ልጁ ያን ሰሞን ብቅ አላለም። ለድካሙ የሚገባውን እትዬ በእኔ እጅ ልከውለታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻውን ገባና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ልሄድ ስል እትዬ በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ጥብሱንና አንድ ቢራ ራሳቸው ይዘውለት ሄደው አጠገቡ ቆሙ።

«ጠርጥሬህ ነበር» አሉት።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«አሁንም ትንሽ እጠረጥርሃለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ተቀመጪ።»

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በልቶ ሲጨርስ የሒሳቡን ገንዘብ አውጥቶ ሰጣቸው። ተቀበሉት፤ ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩትና መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።